ጣና የጠዋት ነው፦ ቅዳሜና እሁድ ውሃ ላይ ለምትወጡ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ወደቡ አጠገብ ቆሞ ሐይቁን ያየ ሰው፣ ይሄ ውሃ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ያስጨንቃል ቢሉት አያምንም። ውሃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ተኝቷል። ክብራን ገብርኤል ያለበት ደሴት እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰማዩን አይቶ «ዛሬ ጥሩ ቀን ነው» ይልና በ5 ሰዓት ይነሳል፤ በ9 ሰዓት ሲመለስ ያገኘው ሐይቅ ጠዋት ያየው አይደለም። ጣና ላይ ቀን ጥሩ ወይም መጥፎ ከማለት በፊት «ስንት ሰዓት ላይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ቶሎ ይሞቃል፣ ውሃው ግን ይዘገያል። የብሱ ላይ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊሞላ ወደ ዳር ይነፍሳል። ሌሊት ደግሞ ተገላብጦ ከየብስ ወደ ሐይቅ ቀስ ብሎ ይነፍሳል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ስለሆነች የከሰዓቱ ነፋስ የሚመጣብን ከሰሜን በኩል ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። ሐይቁ ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰሜን ዳር ካለችው ከጎርጎራ በኩል የተነሳ ነፋስ እኛ ጋ እስኪደርስ ውሃውን የሚገፋበት ሜዳ አለው ማለት ነው።

ጥልቀቱ ግን ለስፋቱ የሚመጥን አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 እና 15 ሜትር ነው፣ አማካዩ 8 እና 9 ሜትር። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ረጅም ነፋስ ሲነፍስ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፦ አንዱ ካለፈ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ሌላው ይደርሳል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 14 ሜትር አካባቢ ነው። ቁመቱ ግማሽ ሜትር ብቻ ቢሆንም 6 እና 7 ሜትር የሆነች ጀልባ አፍንጫዋ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ኋላዋ ጫፍ ላይ ይቀራል። የውቅያኖስ ማዕበል በአሥርና ከዚያ በላይ ሰከንድ ልዩነት ስለሚመጣ ጀልባን አንስቶ ያሳልፋል፤ የጣና ግን ይደበድባል። ሰርፊንግ እዚህ ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁም አሉ። ለዚያ ከሩቅ የሚመጣ ረጅም ማዕበል ስለሚያስፈልግ ጣና ላይ የለም።

የነፋሱ ሰዓት በአብዛኛው እንዲህ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ውሃው ረጋ ያለ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ትንንሽ ሽብሽቦች ይታያሉ። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ነፋሱ መልክ ይይዛል፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ደግሞ ይበረታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይደክማል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ስትከር ልዩነቱ ይሰፋል። ደመና የሸፈነው ቀን የብሱ ስለማይሞቅ የሐይቁ ነፋስ ደካማ ሊሆን ይችላል፣ በክረምት ግን በእሱ ፈንታ ሌላ ችግር ይመጣል።

ነፋሱ ከመድረሱ በፊት በዓይን ይታያል። ወደ ሰሜን ስትመለከቱ በሚያበራው ውሃ ላይ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ካያችሁ የነፋሱ ፊት ነው። መስመሩ እየሰፋ ወደ እናንተ ይመጣል፤ ሲደርስ መጀመሪያ ጉንጫችሁን ቀዝቀዝ ያደርገዋል፣ ቀጥሎ ውሃው የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። እዚህ ላይ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነው። የማዕበሉ ጫፍ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ከ15 እስከ 20 ደርሷል። ነጩ አረፋ በየቦታው ከበዛ ከ20 አልፏል ማለት ነው፤ ትንሽ ጀልባ በዚያ ሰዓት ዳር መሆን አለባት። ከ30 በላይ ሲሆን ማንም ሰው ለሽርሽር የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ከደንገል የምትሠራው ታንኳ ደግሞ ነጩ አረፋ ሳይታይ ወደ ዳር መመለስ ያለባት ናት። ደንገሉ ስለሚንሳፈፍ እንደ ጀልባ ውሃ ሞልቶባት አትሰምጥም፤ ግን ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፣ በቀርከሃ መቅዘፊያ ብቻ ተቀዝፋ ነፋሱን አሸንፋ መመለስ አትችልም። ለዚህ ነው ታንኳን ከሥራ በኋላ አቁመው ፀሐይ ላይ የሚያደርቋት።

ስልክ ላይ የሚጫኑት የአየር ሁኔታ መተግበሪያዎች ይጠቅማሉ፣ ግን አጠቃቀም አላቸው። እንደ ዊንዲ ያሉት የሚያሳዩት ትንበያ መሬቱን በካሬ ከፍሎ የሚያሰላ ነው፤ ከደህናዎቹ አንዱ የሆነው የአውሮፓው እንኳ ካሬው 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ካሬ ውስጥ የባሕር ዳር ግማሽና የሐይቁ ዳር ተቀላቅለው ስለሚገቡ የዳሩን ነፋስ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የከተማዋን ስም ፈልጋችሁ የሚመጣውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ ካርታው ላይ ከባሕር ዳር በስተሰሜን ውሃው መሃል ጣታችሁን አሳርፋችሁ እዩ። ነፋሱ በኖት ከተሰጠ በ1.85 አባዙት፣ ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። ሰዓቱንም አትርሱ፦ መተግበሪያው 14 ሲል በእኛ 8 ሰዓት ነው። ይህን ዘንግቶ «ነፋሱ ማታ 2 ሰዓት ነው» ብሎ እኩለ ቀን ላይ የሚወጣ ሰው አለ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ደግሞ ለዝናብ ይጠቅማል።

ከሁሉም በላይ ግን ትናንትን ጠይቁ። በበጋ ቀናት ስለሚመሳሰሉ የትናንቱ ከሰዓት የዛሬውን ብዙ ይነግራል። ወደብ ላይ ያለ ጀልባ ነጂን «ዛሬ እንዴት ነው?» ብትሉት ደንበኛ ላለማጣት «ሰላም ነው» ሊላችሁ ይችላል። «ወንድሜ፣ ትናንት ስንት ሰዓት ላይ ነፈሰ? ከዘጌ ስትመለሱ ውሃ ገባባችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን እውነቱን ይነግራችኋል፤ ስላለፈው መዋሸት ለሰው ይከብደዋል።

አሁን ወደዚያ የሰሜን ነፋስ እንመለስ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን፣ ወደ ደቅ የሚሄድ ጀልባ ሲሄድ ወደ ሰሜን ነው፣ ሲመለስ ወደ ደቡብ። ጠዋት ሲሄድ ነፋስ የለም። ከሰዓት ሲመለስ ነፋሱና ማዕበሉ ከኋላው ነው። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ደስ ይላል፣ ጉዞው ለስላሳ ይመስላል፣ ነጂውም ጋዝ ይጨምራል። አደጋው ያኔ ነው። ጀልባዋ ከፊቷ ያለውን ማዕበል ስትደርስበት አፍንጫዋ ጀርባው ላይ ይሰካል፣ ኋላዋን ደግሞ የሚከተለው ማዕበል ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ጀልባዋ በጎኗ ተዟዙራ የሚቀጥለውን ማዕበል በሆዷ ትቀበላለች። የሚያዋጣው ፍጥነትን ቀንሶ ከማዕበሉ ጀርባ ጋር እኩል መሄድ ነው፣ ሳይቀድሙትም ሳያስቀድሙትም። ማዕበሉ ኋላውን አልፎ ውሃ ካስገባ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ መልሶ ማዕበሉን ከጎንና ከፊት መካከል፣ 45 ዲግሪ ላይ እየተቀበሉ መቆየት ይሻላል። ተሳፋሪ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ፎቶ ለማንሳት ሁሉም በአንድ ጎን መነሳት ክልክል ነው።

ስለዚህ ጉዞውን ከመመለሻው ሰዓት ጀምራችሁ ወደ ኋላ አስሉት። ክብራንና እንጦስ ግማሽ ሰዓት ይርቃሉ። ዘጌ እንደ ሞተሩ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ለዑራ ኪዳነ ምሕረትና ለአዝዋ ማርያም የሁለት ሰዓት ተኩል ጉብኝት ብትይዙ፣ በ12:30 የተነሳ ሰው በ5 ሰዓት ባሕር ዳር ነው። ደቅ ደሴት ግን ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። እዚያ ያለውን ናርጋ ሥላሴንና አጠገቡ ያለውን ዳጋ እስጢፋኖስን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማለት በጣም በከፋው ሰዓት መመለስ ማለት ስለሆነ፣ አቅም ያለው አድሮ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቢነሳ እመርጣለሁ። ሌላም ነገር አለ፦ እሁድ ብዙ ሰው ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ቁርስ በልቶ፣ ዘመድ ጠብቆ የሚነሳው በ4 እና በ5 ሰዓት ነው። ሩቁን ለቅዳሜ፣ ቅርቡን፣ ለምሳሌ ደብረ ማርያምን፣ ለእሁድ ማድረግ ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል። ወደ ገዳማቱ ለምትሄዱ ሴቶች፣ ክብራንና ዳጋ ሴት አያስገቡም፤ እንጦስና የዘጌዎቹ ይቻላል።

ከመሳፈራችሁ በፊት ጀልባዋን ራሳችሁ እዩ፣ ነውር የለውም። ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ከጠርዟ እስከ ውሃው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ካልቀረ ተሳፋሪ ይቀነስ። ላይፍ ጃኬት መቀመጫ ሥር ተወሽቆ መኖሩ አይበቃም፤ ልበሱት፣ ማሰሪያውን ቆልፉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው። እስከ ጆሯችሁ ከወጣ ሰፍቷችኋል፣ ውሃ ውስጥ ከራሳችሁ ላይ ይወልቃል። የልጅ ጃኬት በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል፣ የትልቅ ሰው ጃኬት ለልጅ አይሆንም። ስፖንጁን ጨምቁት፦ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ወይም ውሃ ካፈሰሰ ዋጋ የለውም። ቀዘፋ፣ ውሃ መቅጃ ጣሳ፣ መልህቅና ገመድ ይኑሩ። ገመዱ የጥልቀቱ አምስት እጥፍ ይሁን፦ ለ6 ሜትር ውሃ 30 ሜትር። አጭር ገመድ መልህቁን ወደ ላይ ስለሚያነሳው መሬት አይቆነጥጥም። መልህቁ የሚያድነው በተለይ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ነው፤ እዚያ ሞተር ከጠፋ ውሃው ወደ ጨራጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በኩል ይስባል፣ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ከመጎተት በፊት መልህቅ ይጣል።

ሞተሩን በተመለከተ ከፍታችን ራሱ ጣጣ አለው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,788 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ከጉልበቱ ስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። 15 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት የሚሰጠው 12 ተኩል ገደማ ነው። ጭነት ሲበዛ ሞተሩ ሙሉ ዙሩን ካላገኘ ፕሮፔለሩን ማዕዘኑ ባነሰ መቀየር ያስፈልጋል። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልላቸው ባለሁለት ምት ሞተሮች ብዙዎቹ 50 ለ 1 ይፈልጋሉ፣ ማለትም ለ25 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ሊትር ዘይት። መጀመሪያ ጥቂት ቤንዚን ላይ ዘይቱን ጨምራችሁ ናጡት፣ ከዚያ ሙሉት፤ ሙሉ ጀሪካን ላይ ከላይ ማፍሰስ አይቀላቅልም። ዘይት ሲበዛ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ሲያንስ ፒስተን ይነክሳል። በጀሪካን የገዛችሁትን ቤንዚን ጥቂት በብርሃን አስተላላፊ ጠርሙስ ቀድታችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩት፦ ውሃ ካለው ታች ይቀመጣል። የነዳጅ ሒሳብ፦ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለነፋስ።

ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ ብዕር የምታክል የውሃ ክር ትወጣለች። ዓይናችሁ ከእሷ አይለይ። ማቀዝቀዣው ውሃ መዞሩን የምታሳየው እሷ ናት። ክሯ ከቀጠነች ወይም ከቆመች ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። እምቦጭ ባለበት የሚቆመው ውሃ መግቢያዋ ስትደፈን ነው። ማርሽ አውጡ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የደህንነት ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ሞተሩን አንሱት። የእምቦጭ ሥር በፕሮፔለሩና በእግሩ መካከል እንደ ክር ልቃቂት ተጠምጥሞ ታገኙታላችሁ፤ በጣት ፍቱት፣ በጎን ያሉትን መግቢያ ቀዳዳዎች ጥረጉ። አስነስታችሁ ክሯ ካልመጣች የምትወጣበትን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ውጉት። ከእምቦጭ የሚብሰው የናይለን መረብ ነው፦ ከፕሮፔለሩ ኋላ ገብቶ ዘይቱን የሚይዘውን ጎማ ይቆርጣል፣ የማርሽ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት እንደ ወተት ይነጣል። ንጋት ላይ መረብ ያልተነሳ ስለሚሆን በዝግታ ውጡ። እምቦጭ የበዛው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው፣ ነፋስ ሲገፋው ግን ቦታ ይለዋውጣል፤ ማታ ክፍት የነበረ መጠጊያ ጠዋት አረንጓዴ ሜዳ ሆኖ ይገኛል።

የውሃው ከፍታም ከወር ወር ይለያያል። ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው፣ የሚወርደው በግንቦትና በሰኔ። በ1995 ዓ.ም. ክረምት ዋዜማ ሐይቁ በጣም ወርዶ ትልልቆቹ መርከቦች ሥራ አቁመው ነበር። በግንቦት ዳር ዳሩን ስትሄዱ በጥቅምት ያልነበረ ጥቁር ድንጋይ ከውሃው በታች አንድ ስንዝር ላይ ይጠብቃችኋል፤ ሞተሩን ከፍ አድርጋችሁ በዝግታ ግቡ።

በክረምት የሚያስፈራው መብረቅ ያለው ደመና ነው። ከሰዓት በኋላ ተራሮች ላይ ይገነባል፤ በምሥራቅ ጉና በኩል ጫፉ እንደ አበባ ጎመን እየፈላ የሚያድግ ደመና ካያችሁ ውጡ። ዝናቡ ሳይደርስ ቀዝቃዛ ድንገተኛ ነፋስ ይቀድመዋል፣ አቅጣጫውም ሐይቁ ከለመደው የተለየ ነው። ብልጭታውን አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ፣ ለሦስት አካፍሉ፦ የኪሎ ሜትሩ ርቀት ነው። 30 ሰከንድ ከሆነ አደጋው ደርሷል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ውሃ አትመለሱ። ብዙ ሰው የማይገምተው ደግሞ ይህ ነው፦ ደጋው ላይ ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት ሲሆን ሐይቁና ደቡብ ዳርቻው ላይ ግን ሌሊት ነው። ማታ ከዋክብት አይቶ መረብ ለመጣል የሚወጣ ሰው በ8 ሰዓት ሌሊት ማዕበል ሊይዘው ይችላል። በበጋም ሌሊቱ ይቀዘቅዛልና፣ በጥር ንጋት ላይ ባሕር ዳር 8 ዲግሪ አካባቢ ስለምትወርድ ጃኬት ያዙ።

ዓሣ ለምታጠምዱ፣ ቆረሶ (ቲላፒያ) ዳር ዳሩን፣ ደንገልና ሣር ባለበት፣ ከ1 እስከ 2 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ትንሽ መንጠቆ፣ ትል ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ፣ ቡሹ ሳይረበሽ ሲቀር ደግሞ ትዕግሥት። ነፋሱ ወደ ዳር ማዕበል ሲያመጣ ጭቃው ይነሳና ውሃው ይደፈርሳል፣ ቆረሶው ይሸሻል፤ ስለዚህ ለእሱም ጠዋቱ ይሻላል። አምባዛ የድፍርስና የሌሊት ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ የምንላቸው ጣና ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ ዓይነቶች አሏቸው፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቤት የላቸውም። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወንዞች ይገባሉ። በዚያ ወቅት የወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት እናቲቱን ከነእንቁላሏ ማውጣት ነው፤ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ መበተን ደግሞ ጫጩቱንም ይጨርሳል። በዚያ ወቅት ከወንዝ አፍ የመጣ ዓሣ ባትገዙ ደስ ይለኛል። ያጠመዳችሁትን ወዲያው ሆዱን አውጡ፣ በክብደቱ ልክ በረዶ ቅበሩት። ጀልባ ወለል ላይ ፀሐይ የመታው ዓሣ በጥቂት ሰዓት ይበላሻል፣ በጾም ገበያው ሲያይል ደግሞ ይህ ይዘነጋል።

ዋና የሚፈልግ ሰው ሦስት ነገር ያስብ። አንደኛው ጉማሬ ነው። ሌሊት ሣር ሲግጥ ያድርና ንጋት ላይ ወደ ውሃ ይመለሳል፤ ጠዋት ጥሩ ነው ብዬ የተናገርኩት እዚህ ላይ ይሰናከላል። አባይ መውጫና ደብረ ማርያም አካባቢ፣ ደንገል ባለበት ዳር ጎህ ሲቀድ አትዋኙ፣ በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከልም አትግቡ። ሁለተኛው ከዝናብ በኋላ የከተማው ፍሳሽ ነው፤ ከባድ ዝናብ ከጣለ ቢያንስ ሁለት ቀን ከከተማው ዳርቻ ራቁ። ሦስተኛው ቢልሃርዝያ ነው። ተሸካሚዋ ቀንድ አውጣ ረጋ ባለና ሣር ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ትኖራለች፤ ጥገኛ ትሉ ከእሷ የሚወጣው በብርሃን ሰዓት ነው፣ በተለይ ከ4 እስከ 8 ሰዓት። በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ይበሳል። ከዳር ይልቅ ከጀልባ ላይ፣ ሣር በሌለበት ጥልቅ ውሃ፣ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ጠዋት መግባት አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ወጥታችሁ ወዲያው በፎጣ አጥብቃችሁ ሰውነታችሁን አድርቁ። የገባችሁበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ ምርመራው ቶሎ ከተደረገ አያሳይም፣ መድኃኒቱም ገና ባላደጉት ትሎች ላይ ደካማ ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ጣና ውስጥ ዋኝቼ ነበር» ብላችሁ ቀኑን ንገሯቸውና የሰገራ ምርመራ ጠይቁ።